ከባሶ ገበያ እስከ ለንደን መጽሔት፦ የዕውቀት አማና

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አንባቢያን! ገንዘብ አማና መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ጎረቤታችን ሩቅ አገር ሲሄድ ያስቀመጠብንን ብር ሳናጎድል መመለስ እንዳለብን ልጆቻችን እንኳ ያውቁታል። ዕውቀት አማና መሆኑን ግን ብዙዎቻችን እንዘነጋለን። ከሰው የሰማነውን የራሳችን አስመስለን ስንናገር፣ ያላየነውን አየን ስንል፣ የተሳሳትነውን ሳናርም ስናልፍ የሌላ ሰው ንብረት በእጃችን ላይ ጠፋ ማለት ነው። ገንዘብ የጠፋበት ሰው መጥቶ ይጠይቃል። ቃሉ የተወሰደበት ሰው ግን ብዙ ጊዜ መወሰዱንም አያውቅም።

በዘመናችን ዕውቀት ከሚተላለፍባቸው ታላላቅ መንገዶች አንዱ የጥናት መጽሔት ነው። አንድ ተመራማሪ የደረሰበትን ነገር ይጽፋል። ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ሙያውን የሚያውቁ ሌሎች ምሁራን ይመረምሩታል። የመጽሔቱ አዘጋጅ የእነርሱን አስተያየት አይቶ ይታተም ወይም አይታተም ብሎ ይወስናል። የታተመውን ሐኪሙ አንብቦ ያክምበታል፣ መምህሩ ያስተምርበታል፣ መንግሥት ሕግ ያወጣበታል። ስለዚህ ጸሐፊው፣ መርማሪውና አዘጋጁ ሦስቱም የአማና ባለዕዳዎች ናቸው። ከሦስቱ ሌላ ብዙ ጊዜ የሚረሳ አራተኛ ሰው አለ። እርሱም ነገሩን ለጸሐፊው የነገረው ሰው ነው።

እነዚህን አራት ሰዎች የሚመለከት ታሪክ ከዛሬ 180 ዓመት ገደማ በፊት በእኛው በምሥራቅ ጎጃም ተጀምሮ በለንደንና በፓሪስ መጽሔቶች ላይ ትልቅ ጠብ ሆኖ አልፏል። ታሪኩ የሙስሊም ነጋዴዎች ታሪክም ስለሆነ ልናውቀው ይገባል። በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ በሌላ ካልተገለጹ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የባሶ ገበያና ነጋዴዎቹ

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በምሥራቅ ጎጃም፣ ከዓባይ በረሃ ወዲህ፣ በየጁቤ አጠገብ ባሶ የሚባል ታላቅ ገበያ ነበር። ከዓባይ ማዶ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ቡና፣ ኮረሪማና ወርቅ ይመጣበታል። ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨው፣ ጨርቃ ጨርቅና ዶቃ ይወርድበታል። እውነቱን ሳንሸሽግ ለመናገር ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥበት ነበር። ታሪክን ስንጽፍ የሚያስከብረንን ብቻ መርጠን የሚያሳፍረንን ከተውን ያው አማናውን አጎደልን ማለት ነውና ይህንንም መጥቀስ ተገቢ ነው።

በዚህ ንግድ ላይ ከተሠማሩት አብዛኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ከጎንደርና ከጣና ሐይቅ ምሥራቅ ካለችው ከደሪጣ ይነሣሉ። ወደ ጎጃም ከሚያስገቡት መንገዶች አንዱ በሞጣ አቅራቢያ ዛሬ ሰባራ ድልድይ በምንለው የአፄ ፋሲል ዘመን ድልድይ ላይ ዓባይን የሚሻገረው ነው። ሞጣና ቢቸናም ከዚህ ንግድ የራቁ አልነበሩም። ነጋዴዎቹ ባሶ ላይ ተሰባስበው ጓዛቸውን ካመቻቹ በኋላ እንደገና ዓባይን ወደ ደቡብ ተሻግረው በጉድሩ በኩል ወደ እናርያ፣ ከዚያም አልፈው ወደ ጅማና ወደ ከፋ ይዘልቁ ነበር። እስልምና በጊቤ አገሮች እንዲስፋፋ እነዚህ ነጋዴዎችና አብረዋቸው ይጓዙ የነበሩ የሃይማኖት ሰዎች ትልቅ ድርሻ እንደነበራቸው የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማሙበታል።

ከሸቀጡ ሌላ እነዚህ ሰዎች ማንም ፈረንጅ ያልነበረው ሀብት ነበራቸው። የትኛው ወንዝ በየትኛው ወር እንደሚሞላ፣ ከአንዱ ገበያ እስከ ሌላው ስንት ቀን እንደሚያስኬድ፣ የየትኛው አገር ንጉሥ ስንት ቀረጥ እንደሚያስከፍል፣ በየትኛው ቀዬ የትኛው ቋንቋ እንደሚነገር ያውቃሉ። ይህ ዕውቀት በልባቸውና በምላሳቸው ላይ ነበረ። ከአባት ወደ ልጅ፣ ከነጋድራስ ወደ ጀማሪ ነጋዴ በቃል የሚተላለፍ ነበር።

ቤክ የጻፈው

ቻርልስ ቤክ የሚባል እንግሊዛዊ በ1840 ወደ አገራችን ጉዞ ጀምሮ መጀመሪያ ሸዋ ገባ። በ1841 መጨረሻ ገደማ ወደ ጎጃም ተሻግሮ እስከ 1843 ድረስ ቆየ። በጊዜው የጎጃም ገዢ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ነበሩ። ቤክ አብዛኛውን ጊዜ የተቀመጠው በየጁቤ፣ ከባሶ ገበያ አጠገብ ነው። ጎጃምን ዞሮ አይቷል። እናርያንና ከፋን ግን በዓይኑ አላየም። የደቡቡን አገር ያወቀው ከገበያው ሰዎች ጠይቆ ነው። የአሥራ አራት ቋንቋዎችንና ዘዬዎችን ቃላትም እየሰበሰበ መዝግቧል።

አገሩ ሲመለስ ጽሑፎቹ የለንደን የንጉሣዊው ጂኦግራፊ ማኅበር በሚያወጣው መጽሔት ታተሙለት። በ1843 ከወጡት አንዱ ከሐበሻ በስተደቡብ ስላሉት አገሮች የሚናገር ነው። ከዚህ ጽሑፍ ልብ ልንለው የሚገባን ነገር አለ። ቤክ ስለ ደቡቡ አገር የጻፈውን ከማን እንዳገኘው በስም ጠቅሷል። ሰውየው የደሪጣው ሙስሊም ነጋዴ ሐጂ ዑመር ኢብን ነጃት ነው። እንዲህ በማድረጉ አንባቢው የትኛው የቤክ ዓይን ያየው፣ የትኛው የዑመር አንደበት የተናገረው መሆኑን መለየት ይችላል። ዛሬ እኛም የዑመርን ስም የምናውቀው በዚህ ምክንያት ነው። ስሙ ተዘልሎ ቢሆን ኖሮ ይህ ወንድማችን ከነዕውቀቱ ከታሪክ ገጽ ይጠፋ ነበር።

ለዚህ ሥራው ቤክ በ1845 ከለንደኑ ማኅበር፣ በ1846 ደግሞ ከፓሪሱ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳልያ ተሸለመ። የዑመር ስም ከሜዳልያዎቹ ላይ አልነበረም። ከጽሑፉ ላይ መኖሩ ግን ትንሽ ነገር አይደለም።

የሁለቱ ምሁራን ጠብ

በዚያው ዘመን አንቷን ዳባዲ የሚባል ፈረንሳዊ ከወንድሙ ከአርኖ ጋር በአገራችን ነበር። ሁለቱ ወንድማማቾች ከ1838 እስከ 1848 ድረስ አሥር ዓመት ያህል ኖረዋል። አንቷን በ1843 ከጎጃም ከነጋዴዎች ጋር ዓባይን ተሻግሮ ወደ እናርያ ሄደ። በዚያ የነገሡት አባ ባጊቦ ነበሩ። እንደ ራሱ ትረካ ከፋ ድረስ የዘለቀው ለአባ ባጊቦ ሙሽራ ሊያመጡ ከሄዱት መልእክተኞች ጋር ተቀላቅሎ ነው። ይህንና ሌላውን ጉዞውን በየጊዜው በደብዳቤ እየጻፈ ላከ። ደብዳቤዎቹም በፓሪሱ ማኅበር መጽሔትና በለንደን አቴኔየም በሚባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ ወጡ። በጃንዋሪ 1846 ከወንድሙ ጋር በባብያ ጫካ የጊቤን ምንጭ አግኝተው የነጭ ዓባይ ምንጭ ይህ ነው ብለው የፈረንሳይን ባንዲራ እዚያ ተከሉ። ወሬው በአውሮፓ ተሰማ።

ቤክ ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ አመሳከረ። የቀኖችና የቦታዎች አለመስማማት ያገኘባቸው መሰለው። በመጨረሻም በ1850 ዳባዲ ወደ ከፋ አደረግሁ ያለውን ጉዞ የሚመረምር ጽሑፍ አሳትሞ ሰውየው ከፋን አላየም ብሎ በአደባባይ ከሰሰው። የክሱ ፍሬ ነገር ዳባዲ ስለ ከፋ የጻፈውን ከአገሬው ሰው ሰምቶ ሲያበቃ በዓይኔ አየሁ አለ የሚል ነው። የፓሪሱ ማኅበር ከዳባዲ ጋር መቆሙን ሲያይም ቤክ ከዚያው ማኅበር የተሸለመውን የወርቅ ሜዳልያ በ1851 መለሰ። ነገሩ የሁለት ምሁራን ክርክር መሆኑ ቀርቶ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ፉክክር መሰለ።

ታዲያ እውነቱ ከማን ጋር ነበር? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው ነገሩ የጠራው በጊዜ ብዛት ነው። ዳባዲ ከ1860 እስከ 1873 በክፍል በክፍል ባወጣው ታላቅ ሥራው በአገራችን ተራሮችና ቦታዎች ላይ ያደረጋቸውን ልኬቶች ከነቁጥራቸው አቀረበ። ከእርሱ በኋላ የሄዱ መንገደኞችም የጻፈውን ከመሬቱ ጋር አመሳከሩ። ባጠቃላይ ስለ አየው ነገር እውነተኛ ሆኖ ተገኘ። ቤክ ትልቅ ክስ ይዞ ተሸነፈ። በነጭ ዓባይ ምንጭ ጉዳይ ግን ዳባዲ ተሳስቶ ነበር። የጊቤ ውኃ ወደ ኦሞ ወርዶ ቱርካና ሐይቅ ይገባል እንጂ ዓባይን አያገኝም። ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ እንደሚወጣ ስፒክ የሚባለው እንግሊዛዊ በ1862 ቦታው ላይ ደርሶ አይቷል።

ከጠቡ የምንማረው

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ብዙ ነው። አንደኛ፦ አየሁና ሰማሁ የሚሉትን ሁለት ቃላት መለየት የጸሐፊ የመጀመሪያ ግዴታ ነው። የጠቡ ሁሉ መነሻ በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ነበር። መስማት ነውር የለበትም። ቤክ ራሱ የተሸለመው ከነጋዴ ሰምቶ በጻፈው ጭምር ነው። ነውሩ የሰሙትን አየሁ ማለት ነው።

ሁለተኛ፦ ማስረጃ ያለው ሰው ማስረጃውን በጊዜው ያቅርብ። ዳባዲ እውነተኛ ቢሆንም ልኬቶቹ ተሟልተው የወጡት ከጉዞው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። አስቀድመው ወጥተው ቢሆን ኖሮ ጥርጣሬው ይህን ያህል ሥር ባልሰደደ ነበር።

ሦስተኛ፦ ሰውን በውሸት መክሰስ ቀላል ነገር አይደለም። የቀን አለመስማማት ከመርሳት፣ ከመንገድ መርዘም ወይም ከማተሚያ ቤት ስሕተት ሊመጣ ይችላል። ጠያቂነቱ የቤክ መብት ነበር። የማይስማማውን ነጥሎ ይህ ይብራራልን ማለት ይበቃው ነበር። እርሱ ግን ከጥያቄው አልፎ ፍርድ ሰጠ።

አራተኛ፦ ይህ ሁሉ ሙግት የተካሄደው በለንደንና በፓሪስ ነው። ዳኞቹ ባሶን አያውቁም። ከዳባዲ ጋር የተጓዙት፣ ለቤክ የተናገሩት ነጋዴዎች ከዳኝነቱ ወንበር የሺህ ማይሎች ርቀት ላይ ነበሩ። የሌላውን ሕዝብ አገር የሚያጠና መጽሔት ከዚያው ሕዝብ መካከል መርማሪና መስካሪ ከሌለው ምንኛ እንደሚቸገር ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ኡለማዎች የሠሩት መንገድ

ውድ አንባቢያን! ይህ ጉዳይ ለሙስሊም ኡለማ አዲስ አይደለም። ቁርአን በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ይዞ የመጣን ሰው ነገር አጣርተን እንድንቀበል፣ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን እንዳንጸጸት ያስተምረናል። በዚህ መሠረት ላይ የሐዲስ ሊቃውንት የኢስናድን ዕውቀት ገነቡ። አንድ ሐዲስ ሲነገር ማን ከማን፣ እርሱስ ከማን እንደሰማው እስከ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ድረስ ይቆጠራል። በሰንሰለቱ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ሰው እውነተኛነቱና የማስታወስ ችሎታው ይመረመራል። ኢማም አል-ቡኻሪ (በ256 ሂጅራ የሞቱት) እና ኢማም ሙስሊም (በ261 ሂጅራ የሞቱት) ታላላቅ ኪታቦቻቸውን ያዘጋጁት በዚህ ወንፊት አጣርተው ነው።

ሊቃውንቱ ተድሊስ ብለው የሰየሙት ጉድለትም አለ። ተድሊስ ማለት አስተላላፊው በቀጥታ የነገረውን ሰው ስም ሸሽጎ ከበላዩ ካለው ሰው በቀጥታ የሰማ እንዲመስል አድርጎ መናገር ነው። ቃል በቃል አልዋሸም፤ ነገር ግን ሰሚውን አሳስቷል። ቤክ ዳባዲን የከሰሰው በዚህ ዓይነቱ ነገር ነው ማለት ይቻላል። ኡለማው በዚህ የታወቀ ሰው እኔ ራሴ ሰማሁ ብሎ በግልጽ ካልተናገረ በቀር ዘገባውን ለመቀበል ያመነቱ ነበር። ሌላውን ሰው ደካማ ነው ወይም ውሸታም ነው የሚለውም ሰው በዘፈቀደ እንዲናገር አልተፈቀደለትም። ለምን እንዳለ ምክንያቱን እንዲያስረዳ ይጠየቅ ነበር። ሰውን መንቀፍ በራሱ ሥርዓት ያለው ዕውቀት ነበር።

ከአፍሪካ ቀንድ ወገን የሆኑት የኢማም ጀማሉዲን አዘይለዒ ሥራም ለዚህ ትልቅ ምሳሌ ነው። በትውልዳቸው ከዘይላ የሆኑት እኒህ ሊቅ በ762 ሂጅራ ካይሮ ውስጥ ሞቱ። ነስቡ አር-ራያ በሚባለው ኪታባቸው በሐነፊ መዝሀብ አል-ሂዳያ በተባለው የታወቀ ኪታብ የተጠቀሱትን ሐዲሶች አንድ በአንድ እየተከታተሉ ከየት እንደመጡ፣ ማን እንደዘገባቸውና ምን ያህል ጠንካራ እንደሆኑ ጻፉ። ምንጩን ያላገኙለትን ሐዲስ ሳይሸፋፍኑ በምልክት ቃል ለይተው ያስቀምጡታል። ከዚህም ይበልጥ የሚደንቀው የራሳቸውን መዝሀብ ማስረጃ ካቀረቡ በኋላ የተቃራኒውን ወገን ሐዲሶችም ሳያጎድሉ መዘርዘራቸው ነው። ዛሬ በጥናት መጽሔት ላይ ከአንድ ሐቀኛ ጸሐፊና መርማሪ የሚጠበቀው ይኸው ነው። ከእርሳቸው በኋላ ታላቁ ኢብን ሐጀር አል-ዐስቀላኒ ይህን ኪታብ አሳጥረው ለተማሪ አመቻችተውታል።

ተፍሲር አል-ጀላለይንን የቀራ ደረሳ ሁሉ ደግሞ ሌላ ትምህርት በእጁ ይዟል። ኪታቡ የሁለት ጀላሉዲኖች ሥራ ነው። ጀላሉዲን አል-መሐሊ ከሱረቱል ከህፍ እስከ ቁርአን መጨረሻ ተርጉመው፣ ፋቲሓን ጨምረው፣ ሥራው ሳያልቅ በ864 ሂጅራ ሞቱ። ተማሪያቸው ጀላሉዲን አስ-ሱዩጢ ሃያ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ከሱረቱል በቀራ እስከ ሱረቱል ኢስራእ ያለውን በአርባ ቀን ያህል ጨረሱት። በሱረቱል ኢስራእ መጨረሻም የእርሳቸው ሥራ እዚህ እንደሚያበቃና መምህራቸው ምን እንደሠሩ ጽፈው መምህራቸውን አመሰገኑ። የሁለቱ አጻጻፍ እጅግ ስለሚመሳሰል ዝም ቢሉ ብዙ አንባቢ ወሰኑን አይለየውም ነበር። ሱዩጢ ግን ወሰኑን ራሳቸው አሰመሩት።

እኒሁ ሱዩጢ የሌላውን ሥራ ወስዶ የራሱ ስለሚያደርግ ሰው ለብቻው አንድ ድርሰት ጽፈዋል። ርእሱም ደራሲንና ሌባን የሚለይ ማለት ነው። አዎን፣ ሌባ ነው ያሉት። ስለ ሐበሾች ክብርም ረፍዑ ሸእኒል ሑብሻን የሚል ኪታብ የጻፉ ሊቅ ናቸውና ቃላቸው ለእኛ ለሐበሻ ሙስሊሞች የሩቅ ሰው ቃል አይደለም። አባቶቻችንም የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲሉ ይህንኑ ነግረውናል።

የአንድ ወረቀት ጉዳት

ይህ ሁሉ የሊቃውንት ጉዳይ ነው፣ ቤታችንን ምን ይመለከተዋል የሚል እናት ወይም አባት ሊኖር ይችላል። በ1998 ላንሴት በሚባለው የታወቀ የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ ወጣ። በአሥራ ሁለት ሕፃናት ላይ ብቻ የተመሠረተ ሆኖ ሳለ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ክትባት ከኦቲዝም ጋር ዝምድና እንዳለው የሚጠቁም ነበር። ዋናው ጸሐፊ ክትባት አምራቾችን ለመክሰስ ይዘጋጁ ከነበሩ ጠበቆች ገንዘብ መቀበሉን ለአንባቢ አላስታወቀም። በኋላ ጽሑፉ በሐሰት የተሞላ መሆኑ ታወቀ። መጽሔቱ ጽሑፉን ሙሉ በሙሉ የሻረው በ2010 ነው። ሰውየውም በዚያው ዓመት የሐኪምነት ፈቃዱን ተነጠቀ።

በመካከሉ አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ። በነዚያ ዓመታት በብሪታኒያና በሌሎች አገሮች ብዙ ወላጆች ፈርተው ልጆቻቸውን ሳያስከትቡ ቀሩ። ኩፍኝም ተመልሶ መጣ። ወላጆቹ ክፋት አልነበራቸውም። የታመነ መጽሔት ጻፈው ሲባል ሰምተው ነው። ጽሑፉ ከተሻረ በኋላም ወሬው አልተሻረም፤ እስከ ዛሬ በየአገሩ ይዞራል። እንግዲህ አንድ ጸሐፊ ጥቅሙን ስለሸሸገ፣ አንድ አዘጋጅም በጊዜ ስላላረመ ጉዳቱ ከማያውቁት ሰው ጓዳ ድረስ ገባ።

እኛስ?

አገራችንም የራስዋ የጥናት መጽሔቶች አሏት። የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት በ1962፣ የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ደግሞ በ1963 ተመሠረቱ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል የሚጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎችም መልካም ልማድ አላቸው። በመጨረሻው ገጽ ላይ የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር ይቀመጣል፤ ስማቸው፣ ዕድሜያቸው፣ ቃላቸውን የሰጡበት ቦታና ቀን ይጻፋል። ይህ ልማድ ከኢስናድ ጋር ምንኛ እንደሚቀራረብ አስተውሉ!

ስለ አገራችን ሙስሊሞች ታሪክ የጻፉት ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ (በ2009 ያረፉት) በ1992 በኦክስፎርድ በሚወጣ የእስልምና ጥናት መጽሔት ላይ የኢትዮጵያ እስልምና ታሪክ እንዴት ሲጻፍ እንደኖረ መርምረዋል። በወሎ እስልምና ላይ የሠሩት መጽሐፍም በ2001 ታትሟል። እርሳቸው ከኡለማውና ከሽማግሌዎች የሰሙትን ከነስማቸው እየጠቀሱ ጻፉ። ታሪካችሁ አልተጻፈም ብሎ ማማረር ቀላል ነው። በማስረጃ መጻፍ ግን እንዲህ ያለ ድካም ይጠይቃል።

እኛ የቢቸናና የሞጣ ሰዎች ይህ ጉዳይ በጣም ይመለከተናል። በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶች ተቃጠሉ፣ የሙስሊሞች ሱቆችም ተዘረፉ። በዚያው ሰሞን ብዙ ወሬ ተወራ። ነገ ከነገ ወዲያ ስለዚያ ቀን በጥናት መጽሔት የሚጻፈው ለልጅ ልጆቻችን ታሪክ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የሚናገር ሰው ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ከእገሌ ሰማሁ ይበል። የሚጽፍም ሰው አያጋን፣ አያሳንስም። ለተበዳይ አዝኖ ቁጥር የጨመረ ሰው የተበዳዩን እውነት ለጥርጣሬ አጋለጠ። አሳንሶ የጻፈም በደሉን ደገመው። ጎረቤቱን ያዳነ ክርስቲያን ካለ እርሱም በእውነት ይመዝገብ። ፍትሕ ለወደድነው ብቻ የሚሰጥ ነገር አይደለምና።

ዛሬ ተማሪዎች ደብተርና ስልክ ይዘው ወደ ሽማግሌዎቻችን ይመጣሉ። መምጣታቸው ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ሽማግሌው ጥያቄ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይወቁ። ማን ነህ ልጄ? ከየትኛው ትምህርት ቤት መጣህ? ቃሌ የት ይታተማል? ስሜ ይጻፋል ወይስ ይቀራል? ብለው ይጠይቁ። ስማቸው ቢወጣ ጉዳት ይደርስብኛል ብለው ከሠጉ እንዲቀርላቸው ይንገሩት። ያን ጊዜ የስማቸው መቅረት ከተድሊስ አይቆጠርም፤ አንባቢው ስሙ በባለቤቱ ጥያቄ መሸሸጉን ከተነገረው አልተሳሳተም። ሲያልቅም ተማሪው ጽሑፉን ይዞ ተመልሶ ያነብላቸው፣ አንድ ቅጂም ለመስጊዱ ወይም ለመድረሳው ይተው። ከአንድ ሽማግሌ ግማሽ ቀን ወስዶ ዳግመኛ ሳይመለስ የሚቀር ተማሪ ዕዳውን አልከፈለም።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለን። ልጃችሁ የመመረቂያ ጽሑፉን በገንዘብ አስጽፎ ቢመረቅ ዲግሪው በእናንተ ላብ የተገዛ ውሸት ነው። ከሌላ ሰው ጽሑፍ ገልብጦ ስሙን ብቻ ቢለውጥም ሱዩጢ ያሉት ስም ይደርሰዋል። ኮምፒውተር አስጽፎ ያልተጻፈ መጽሐፍ እንደ ማስረጃ የሚጠቅስም አለ። ከፍ ብለው ደግሞ መምህራን ከሆኑ በኋላ አዳኝ መጽሔት በሚባሉት የሚታለሉ ወይም አውቀው የሚገቡባቸው አሉ። እነዚህ መጽሔቶች በጥቂት ቀን ውስጥ እናትምላችኋለን ብለው ገንዘብ ይቀበላሉ። ጽሑፉን የሚመረምር ሰው የላቸውም። አንዳንዶቹም አዘጋጃችን ነው ብለው የማያውቃቸውን ምሁር ስም ይለጥፋሉ። ክፍያ በራሱ ነውር አይደለም። ማንም ሰው በነፃ እንዲያነባቸው ሲሉ ጸሐፊውን የሚያስከፍሉ ሐቀኛ መጽሔቶች አሉ። መለያው ገንዘቡ የሚከፈለው ለማተሚያ ነው ወይስ ምርመራውን ለመዝለል የሚለው ነው።

የጥናት መጽሔት አዘጋጅ የሆነም ሰው ወንበሩ ከባድ መሆኑን ይወቅ። የወዳጁን ደካማ ጽሑፍ ማሳለፍ፣ የማይወደውን ሰው ጠንካራ ጽሑፍ መጣል፣ ስሕተት ሲነገረው መጽሔቱ እንዳይነቀፍ ብሎ መሸሸግ ሁሉም ሚዛን ማጉደል ነው። ስሕተት በወጣበት ገጽ ላይ፣ በሚታይ ፊደል ይታረም። መርማሪውም ለምርመራ የተሰጠውን የሌላ ሰው ሐሳብ ለራሱ ጽሑፍ ቢወስድ አደራ በላ ማለት ነው።

እንግዲህ የደሪጣው ዑመር ኢብን ነጃት ዕውቀቱን በአንደበቱ ሰጠ። የሰጠውን የወሰደው ሰው ስሙን ስለጻፈለት እኛ ዛሬ እናውቀዋለን። በየገበያው የተናገሩ፣ መንገድ የመሩ፣ ቋንቋ ያስተማሩ፣ ስማቸው ግን ያልተጻፈላቸው ስንቶች ናቸው? እነርሱን አላህ ያውቃቸዋል፤ ምንዳቸውም ከእርሱ ዘንድ አይጠፋም። የእኛ ግዴታ ከእንግዲህ ወዲህ በእጃችን የሚያልፈውን ሰንሰለት አለመበጠስ ነው።

አላህ ያወቅነውን በእውነት የምናስተላልፍ፣ ያላወቅነውን አላውቅም ለማለት የማናፍር፣ የሰውን ሐቅ ለባለቤቱ የምንመልስ ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።